የማንኪያ ቅቤ

በአንድ የዞን ከተማ ሆስፒታል፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ኦፕሬሽን ክፍሉ በር ላይ፤ እንቅርታቸውን ሊያስወጡ የመጡት ሙሾ አውራጇ እትዬ ይታክቱ በባለጎማ አልጋ ላይ ተደግፈው ተቀምጠዋል፣ ሰመመን ሰጪው አንሙት ካርዳቸውን ይዞ አጠገባቸው ቆሟል።

ይታክቱ፦ በአንድ ማንኪያ ቅቤ! በአንድ ማንኪያ ቅቤ ሰው ከጠዋት እስከ ስምንት ሰዓት ጦሙን ይገረፋል?

አንሙት፦ ማንም አልገረፍዎትም፣ እትዬ ይታክቱ። ተራዎ የመጀመሪያ ነበር። ቅቤ ውጠው መጡና የመጨረሻ ሆነ።

ይታክቱ፦ ቅቤ ምግብ ነው እንዴ? እህል ቀመስኩ? ውሃ ጠጣሁ? አትብዪ አላችሁኝ፣ አልበላሁም። ቅቤው ለድምፄ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ጉሮሮዬን የማለሰልስበት ነው። ዛሬ ደግሞ ቢላዋ ሊገባበት ነው ብዬ ማር ጠብ አደረግኩበት።

አንሙት፦ ማሩን ገና አሁን መስማቴ ነው።

ይታክቱ፦ አልጠየቅከኝማ!

አንሙት፦ «ከሌሊት ጀምሮ አፍዎ የገባ ነገር አለ ወይ?» ብዬ ሦስት ጊዜ ጠይቄያለሁ። ሦስቱንም ጊዜ «ምንም» አሉኝ። አፍዎን ሲከፍቱ ነው የሸተተኝ።

ይታክቱ፦ እሰይ! መንግሥት ስንት ዓመት አስተምሮ አስተምሮ የባልቴት አፍ አሽታች አደረገህ።

አንሙት፦ ሆድዎ ሳይጎድል ባስተኛዎት ኖሮ የዋጡት ሁሉ ተመልሶ ሳንባዎ ይገባ ነበር። እንቅርቱ ሃያ ዓመት አብሮዎት ኖሮ ያልገደለዎትን፣ ቅቤው በአንድ ቀን ይገድልዎት ነበር።

ይታክቱ፦ እኔን! ቅቤ! ለመሆኑ አንተ ማነህ? ሐኪሙ የታለ? ያ መነጽር ያደረገው፣ ሲያዩት ደስ የሚለው።

አንሙት፦ ዶክተሩ እጁን እየታጠበ ነው። እሱ እንቅርቱን ያወጣል። እኔ አስተኛዎታለሁ፣ እስኪያልቅ እጠብቅዎታለሁ፣ ከዚያ እቀሰቅስዎታለሁ።

ይታክቱ፦ ማስተኛት ሥራ ሆኖ! እናቴ የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳትረግጥ ዘጠኝ ልጅ አስተኝታለች። እሹሩሩ ብላ።

አንሙት፦ አንገታቸው እየተቆረጠ ነበር የሚተኙት?

ይታክቱ፦ ኧረ ምላስም አለው! እኔ መርፌ ብቻ መስሎኝ።

አንሙት፦ አፍዎን ይክፈቱልኝ። እንደገና ልየው።

ይታክቱ፦ ከፍቼው ነው የምኖረው። ለሦስት ወረዳ የተከፈተ አፍ ነው።

አንሙት፦ ለእኔም ይክፈቱት። ሰፋ ያድርጉት። ምላስዎን ያውጡ። ጎሽ። ማታ ሲተኙ ጋደም ይላሉ?

ይታክቱ፦ እንኳን ልጋደም! ከዘንድሮ ወዲህ ግድግዳ ተደግፌ ነው የማድረው። ጋደም ካልኩ ይኸ ጉድ ይጫነኛል፣ አየር ያጥረኛል።

አንሙት፦ ይህን ጠዋት ለምን አልነገሩኝም?

ይታክቱ፦ ማስተኛት ሥራህ ከሆነ አንተው እወቀው ብዬ ነዋ። ሃያ ዓመት ሙሉ ምንም አላለኝም። ባለፈው ሰኔ ግን የቀኛዝማች ቤት ለቅሶ ላይ... ተወው፣ ላንተ አይነገርም።

አንሙት፦ ይንገሩኝ። ትንፋሽዎ ላይ የደረሰ ነገር ከሆነ ለእኔ ነው የሚነገረው።

ይታክቱ፦ የመጀመሪያውን መስመር አወረድኩ። ሕዝቡ ደረቱን ሊመታ እጁን አነሳ። ሁለተኛው ላይ ትንፋሼ ቁርጥ አለ። ያች ሙጭት የምትባል፣ ትናንት ከእግሬ ሥር ቁጭ ብላ የተማረች፣ ዘላ ገብታ ግጥሜን ከአፌ ነጥቃ ጨረሰችው። በዚያ የፍየል ድምፅዋ! ሕዝቡም አለቀሰላት። ይኸ ሕዝብ ድሮም ጆሮ የለውም።

አንሙት፦ ለዚህ ነው ሆስፒታል የመጡት።

ይታክቱ፦ ታዲያ ለመልክ መሰለህ? በስልሳ ሁለት ዓመቴ ማንን ላገባ? ስማ፣ እኔ ከሞትኩ ማን እንደሚያለቅስልኝ ታውቃለህ? እሷ ናት! ሌላ ሰው የለም። ሬሳዬ ላይ ቆማ እንደዚያ ስትጮህ ልሰማ? አልሞትም! ለዶክተሩም ንገረው፣ አልሞትም።

አንሙት፦ ነግረውኛል፣ ይኸው ጽፌዋለሁ። እትዬ ይታክቱ፣ ዶክተሩ ስለ ድምፅዎ አጫውቶዎታል?

ይታክቱ፦ «አታስቢ» ብሎኛል። ጨዋ ሰው ነው። እንዳንተ አያደርቅም።

አንሙት፦ ማሰብዎ አይቀርም። ከእንቅርቱ ጀርባ ድምፅ የሚያዝዝ ነርቭ አለ። እንደ ስፌት ክር የቀጠነ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አይነካም። አንዳንዴ ግን ይነካል። ከተነካ ድምፅ ይሻክራል። ሊጠፋም ይችላል።

ይታክቱ፦ ...

አንሙት፦ ዝም አሉኝ።

ይታክቱ፦ ዝም አላልኩህም። ንቄህ ነው።

አንሙት፦ ይናቁኝ። ግን አንድ ነገር ይያዙልኝ። ሲነቁ አንድ ቃል እንዲናገሩ እጠይቅዎታለሁ። ስምዎን፣ የአገርዎን ስም፣ የፈለጉትን። ድምፅዎን ሳልሰማ ከዚያ ክፍል አላስወጣዎትም።

ይታክቱ፦ አንተ በይ ስላልከኝ እላለሁ? እኔ በትእዛዝ አፌን ከፍቼ አላውቅም። ፊታውራሪዎች ለምነውኝ እንኳ ደስ ካላለኝ አላወርድም።

አንሙት፦ እለምንዎታለሁ።

ይታክቱ፦ ደግሞ ድምፄ ከሌለ አትቀስቅሰኝ። ሰምተሃል? እዚያው ተወኝ።

አንሙት፦ እሱን ቃል አልገባልዎትም።

ይታክቱ፦ ምን ቸገረህ! ለአንተ አንድ ባልቴት ናት። ዲዳ ሆና ቤቷ ብትመለስ፣ አንተ ደመወዝህን በልተህ ታድራለህ። እኔ ነኝ የሙጭትን ድምፅ ስሰማ የምኖረው። እፈራለሁ፣ አዎ እፈራለሁ! ደስ አለህ?

አንሙት፦ ደስ አላለኝም። ጠዋት ዶክተሩ «በልታ መጥታለች፣ ትሂድ» ብሎ ነበር። እሱ ነገ ይሄዳል፣ የሚመለሰው ከወር በኋላ ነው። በዚህ ትንፋሽ ወር አይቆዩም ብዬ እስከ ስምንት ሰዓት ያስጠበቅኩዎት እኔ ነኝ።

ይታክቱ፦ ታዲያ ተነስቼ እጅ ልንሳህ?

አንሙት፦ አያስፈልግም። እርስዎ ከዚህ በፊትም ባለውለታዬ ነዎት።

ይታክቱ፦ እኔ? ላንተ? የማን ልጅ ነህ?

አንሙት፦ የባለወፍጮው የአቶ ካሴ። ከአራት ዓመት በፊት በሚያዝያ ነው ያለቀሱለት።

ይታክቱ፦ የካሴ ልጅ! ያ ጥርሱን ነክሶ እንደ ችካል የተተከለው ጎረምሳ አንተ ነህ? አወቅኩህ! ጉድ እኮ ነው፣ ሦስት ግጥም አባክኜብሃለሁ። እህትህ መሬት ወደቀች፣ ወፍጮ ቤት የሚሠሩት ሁሉ ተንሰቀሰቁ፣ አንተ ግን ፍጥጥ! ይኼ ምን ያለው ልጅ ነው ብዬ ሳምንት ሙሉ ሳማህ ከረምኩ።

አንሙት፦ እንባው አልወጣልኝም።

ይታክቱ፦ ግጥሜ ምን ጎድሎት? «ያገር እህል ፈጭቶ ሲያበላ የኖረ፣ ዛሬ ዱቄት ሆነ አፈር ውስጥ አደረ።» ለማን ነው ይኼ የሚባለው? ለመኳንንት እንኳ እንዲህ ያለ አውርጄ አላውቅም። ሆስፒታል ውስጥ ሙሾ አስባልከኝ፣ ሟርተኛ!

አንሙት፦ በሩ ተከፍቷል። እንግባ። ያ ትልቅ መብራት እንዳያስደነግጥዎት።

ይታክቱ፦ ብርዱ! ሬሳ ቤት ነው እንዴ ያስገባኸኝ?

አንሙት፦ ብርድ ልብስ ጨምሬልዎታለሁ። ትራሱንም ከፍ አድርጌዋለሁ፣ አያጋድምዎትም። ክንድዎን ይስጡኝ። ይህ ግፊት መለኪያ ነው፣ ያዝ ያደርግዎታል። ጣትዎ ላይ ያለው አየር መድረሱን ይነግረኛል። ድው ድው ሲል የሚሰሙት ልብዎ ነው።

ይታክቱ፦ ይኼ ነው ልቤ? ምን ያስሮጠዋል?

አንሙት፦ እርስዎን ሲከተል ነዋ።

ይታክቱ፦ አትቀልድ። እኔ ከተኛሁ ወዲያ ዞር ብለህ ሻይ ትጠጣለህ አይደል? ሰው ሲተኛ ምን ሥራ አለህ?

አንሙት፦ ከራስዎ በላይ ቁጭ ብዬ ትንፋሽዎን ስቆጥር ነው የምቆየው። የትም አልሄድም። ይህን ፊትዎ ላይ ላድርገው፣ ንጹህ አየር ነው። በረጅሙ ይሳቡ።

ይታክቱ፦ ሽታው የጎማ ነው። ስድቤን ሳልጨርስ እንዳታስተኛኝ።

አንሙት፦ ይጨርሱ፣ እየሰማሁ ነው። መድኃኒቱ ክንድዎን ሞቅ ያደርገዋል።

ይታክቱ፦ አንተ ምንም የማይገባህ፣ የካሴን ስም የማታስጠራ፣ እንባ የሌለህ፣ አንተ የወፍጮ ድንጋይ፣ አንተ ደን...

አንሙት፦ እትዬ ይታክቱ። እትዬ ይታክቱ! ኦፕሬሽኑ አልቋል። አሥር ሰዓት ተኩል ሆኗል፣ እንቅርቱ ወጥቷል። ቱቦውንም አሁን ከጉሮሮዎ አወጣሁት፣ የሚተነፍሱት በራስዎ ነው። ዓይንዎን ይግለጡ። ጎሽ። እጄን ጨበጥ ያድርጉኝ። በጣም ጥሩ። አሁን ስምዎን ይንገሩኝ።

ይታክቱ፦ ...

አንሙት፦ ስምዎን፣ እትዬ። ቀስ ብለው።

ይታክቱ፦ ...

አንሙት፦ እሺ፣ ስሙ ይቅር። «አ» ይበሉኝ። ብቻ «አ»። ያምዎታል? ካመመዎት እጅዎን ያንሱ። አያምዎትም። ታዲያ ይበሉት። ዶክተሩ ነርቩን አይቼዋለሁ፣ አልነካሁትም ብሏል። እኔ ግን ካልሰማሁ አላምንም።

ይታክቱ፦ ...

አንሙት፦ ትእዛዝ አይደለም እኮ፣ ልመና ነው። ይስደቡኝ። የጀመሩትን አልጨረሱም፣ «ደን» ላይ ነው ያቆሙት። ይጨርሱታ!

ይታክቱ፦ ...

አንሙት፦ ሙጭት ውጭ በረንዳው ላይ ተቀምጣለች። ልጠይቃት መጣሁ ብላለች። ምን ልበላት?

ይታክቱ፦ ...

አንሙት፦ እግዚኦ። እትዬ ይታክቱ፣ እባክዎ። አባቴ ሲሞት እኔ ገና ተማሪ ነበርኩ። እዚህ ተኝቶ አልነቃም። ማን እንዳስተኛው፣ ማን እንደጠበቀው የነገረኝ የለም። ከዚያ ወዲህ አንድም ሰው ድምፁን ሳልሰማ ለቅቄ አላውቅም። ያን ቀን ያሉት እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። «ያገር እህል ፈጭቶ ሲያበላ የኖረ፣ ዛሬ ዱቄት ሆነ አፈር ውስጥ ገባ...»

ይታክቱ፦ አደረ።

አንሙት፦ እ? ምን አሉ?

ይታክቱ፦ «ገባ» ማነው ያለህ? «አደረ» ነው። ቤት አይመታም፣ ደንቆሮ።

አንሙት፦ ይድገሙልኝ፣ እትዬ! ጮክ ብለው ይድገሙልኝ!

ይታክቱ፦ ፊትህን ምን አራሰው? አባትህ ሞቶ በሦስት ግጥሜ እምቢ ያለ እንባ፣ ቤት በማይመታ ግጥም ይወጣል?