ጥልፍ የለበሱት ኮምፒዩተሮች

ሸለቆው ሁሉ ኡስቶድ፣ መምህሬ፣ የሚላቸው ኒዞሚዲን ድልድዩ አጠገብ ካለው የሚኒባስ ማቆሚያ የቆሙት ሰው ሊቀበሉ አልነበረም። ከተማ ላለችው እህታቸው አንድ ከረጢት የደረቀ አፕሪኮት ሊልኩ ነበር። ከሚኒባሱ የወረደችውን ወጣት ግን ገና በአረማመዷ አወቋት፤ ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ፊዚክስ ያስተማሯት ሳዳፍ ናት። ቀኝ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ዝቅ ብላ እጅ ነሣች።

«ሰላም ለእርስዎ ይሁን ኡስቶድ! ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰቡስ? አትክልቱስ?»

«ይመስገን፣ ይመስገን። አንቺ ልጅ፣ ምን ነፋስ አመጣሽ? የማን ሠርግ አለ?»

«ሠርግስ የለም። እናንተን መምህራኑን ላሠለጥን ተልኬ ነው። ኮምፒዩተር ውስጡ ምን እንዳለ፣ እንዴት እንደሚጠገን፣ ኔትወርክ እንዴት እንደሚዘረጋ።»

የሽማግሌው ፊት ጠቆር አለ። ከስድስት ዓመት በፊት ለሳፌድቦግ ትምህርት ቤት ስምንት ኮምፒዩተሮች ተሰጥተው ነበር፤ ኃላፊው እሳቸው ናቸው። በዚያ ሸለቆ የከበረ ዕቃ ራቁቱን አይቀመጥም። ስለዚህ የሒሳብ መምህርቷ ማቭሉዳና ጓደኞቿ ለሙሽራ የሚጠለፈውን ሱዛኒ የተባለ ጨርቅ ጠልፈው ማሽኖቹን አለበሷቸው። እንግዳ ሲመጣ ክፍሉ ይከፈታል፣ እንግዳው «ማሻላህ» ይላል፣ ክፍሉ ይዘጋል። አሁን ግን ወረዳው የማይሠራ ኮምፒዩተር ሁሉ ቅዳሜ ተጭኖ ለከተማ ትምህርት ቤቶች ይሰጥ ብሎ ወስኗል።

«እኛኮ አልናቅናቸውም» አሉ ኡስቶድ፣ ከረጢቱን ለሾፌሩ ሰጥተው ከእሷ ጋር ወደ ትምህርት ቤቱ እየሄዱ። «አክብረን ነው የያዝናቸው። ግን ስናበራቸው ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ድርግም ይላሉ። ደካሞች ናቸው።»

«ስታበሯቸው ሱዛኒውን ታወልቁላቸዋላችሁ?»

«ከፊት ገለጥ እናደርጋለን እንጂ ምን በወጣቸው ይራቆታሉ!»

ሳዳፍ ሳቋን በሻርፗ ጫፍ ሸፈነች። «ኡስቶድ፣ በሐምሌ ፀሐይ የጥጥ ካፖርትዎን፣ ቻፓንዎን፣ ደርበው ቢሮጡ ምን ይሆናሉ?»

«ተዝለፍልፌ እወድቃለኋ! ምን ያለ ጥያቄ ነው?»

«እነሱም ለዚሁ ነው የወደቁት። ሙቀቱ የሚወጣበትን ቀዳዳ በጥልፍ ደፈናችሁባቸው። ሙቀት መውጫ ሲያጣ ምን እንደሚሆን ያስተማሩኝ ደግሞ እርስዎ ነዎት።»

ነገሩ ከነከናቸው። «መጽሐፍ ሌላ፣ ማሽን ሌላ። የመምህር እጅ ጠመኔ ነው የሚያውቀው። ካቻቢቴ ይዤ አንዱን ባበላሸው፣ ሠላሳ አራት ዓመት ያከበረኝ ተማሪ ምን ይለኛል?»

«ቅዳሜ ስምንቱም ተጭነው ሲሄዱስ ምን ይልዎታል? ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል፤ አለማወቅ አያሳፍርም ኡስቶድ፣ አልማርም ማለት ነው የሚያሳፍረው።»

ብዙ ሰው ዕቃን በማክበር ስም ይፈራዋል፤ ሳይነካው አርጅቶ ይጣላል። ኡስቶድም ከእነዚህ አንዱ ነበሩ፤ ደግነቱ ልባቸው እውነት ሲሰማ ዝም ማለት አያውቅም።

በማግስቱ ማቭሉዳን ጨምሮ አምስት መምህራን አስከትለው ወደ ኮምፒዩተር ክፍሉ ገቡ። ሱዛኒዎቹ ወለቁ፤ የመጀመሪያው ማሽን ሲከፈት የስድስት ዓመት አቧራ ቡን አለ። ሳዳፍ ሚሞሪ የሚባለውን ቀጭን ሰሌዳ አውጥታ የሚገናኝበትን ጫፍ በላጲስ ጠርጋ ስትመልሰው ማሽኑ ነቃ፤ ማቭሉዳ ጮኸች።

«ይኸው ነው? ለዚህ ነው ስድስት ዓመት ባለሙያ የጠበቅነው? ላጲስማ በየኪሳችን ሞልቶ!»

ኔትወርኩ ላይ ሲደርሱ ግን ኡስቶድ እንደገና አመነቱ። «ይሄኛውስ አይታይ፣ አይዳሰስ። እንዴት ብዬ ላስተምረው?»

«የመስኖ ውሃችንን የሚያከፋፍል ማነው?»

«ሚሮቡ ነዋ። እኔው ራሴ ሁለት ዓመት ሚሮብ ሆኜ የለ!»

«ይህ ስዊች የሚባለው ሳጥን ሚሮብ ነው፤ ገመዱ ቦይ። ለእያንዳንዱ ማሽን የተላከውን ለይቶ ያደርስለታል።»

«ለአጎቱ ልጅ አድልቶ ቢለቅለትስ?»

«አድራሻ እንጂ ዘመድ አያውቅም።»

«እንግዲያው ከእኔ ይሻላል!» አሉ፤ ክፍሉ በሳቅ ተሞላ።

ኡስቶድ በአንዱ ገመድ ውስጥ ያሉትን ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች በየቀለማቸው ደርድረው መሰኪያውን ጫፉ ላይ ሲጨምቁት የመፈተሻው መብራቶች ተራቸውን አልጠበቁም፤ ቡናማውና አረንጓዴው ቦታ ተለዋውጠው ነበር። ቆርጠው እንደገና ጀመሩ። ሁለተኛውም አልሆነም። በሦስተኛው ስምንቱም መብራቶች ተራ በተራ ሲበሩ ሽማግሌው ደስታቸውን መደበቅ አልቻሉም፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ዓርብ ማታ ሰባቱ ኮምፒዩተሮች ይሠሩ ነበር። ስምንተኛው የማይድን ሆኖ ተገኘና ተፈታትቶ መማሪያ ይሁን ተባለ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ የጭነት መኪናው ደረሰ። አብሮ የመጣው የወረዳው ተቆጣጣሪ ማሽኖቹን አንድ በአንድ አይቶ፣ ሆን ብሎ አንዱን ገመድ መንጭቆ በጠሰው።

«ዛሬስ ይሠራሉ። ልጅቷ ስትሄድ ግን እንዲህ ሲበላሽ ማን ሊጠግነው ነው?»

ተማሪዎቹ በመስኮት እያዩ ነው። ኡስቶድ ቻፓናቸውን አውልቀው ተንበረከኩ። የገመዱን ጫፍ ቆረጡ፣ ሽቦዎቹን ደረደሩ፣ ጨመቁት። የስዊቹ መብራት ብልጭ አለ።

«ገመድ ሲበጠስ ወደ ከተማ ደብዳቤ መጻፍ ቀረ» አሉ እየተነሡ። «የተበላሸውን እዚሁ እንጠግናለን፤ ስንጠግን ልጆቹ ያያሉ፤ ያየ ልጅ ነገ ራሱ ይሠራዋል። ይህን ነው ጭናችሁ የምትወስዱት?»

ተቆጣጣሪው ኮምፒዩተሮቹ እዚሁ እንዲቀሩ የሚሞላውን ቅጽ አወጣ። «የባለሙያው ስም?»

«ኒዞሚዲን ብለህ ጻፍ። ቀጥሎ ማቭሉዳ። ቀጥሎ...»

«ኡስቶድ፣ አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው።»

«አምስት መስመር ጨምርበታ!»

ተቆጣጣሪው ጠረጴዛ ስቦ ተቀመጠና በማስመሪያ አምስት መስመር አሰመረ። መኪናው ባዶውን ተመለሰ።