የጀብሪል በር መቀርቀሪያ

— ሄሎ! ሄሎ፣ ማን ልበል? ... አዎ፣ መካነ ሰላም ነው። ክንፈ ነኝ፣ መካኒኩ ክንፈ ... ጀብሪል? ... ራስህ ነህ?

ሁለት ቀን ሙሉ ስልክ ቤቱ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ የደሴን መስመር ሲጠብቅ የሰነበተው ክንፈ፣ ደሴ ስትመጣለት እጀታውን በሁለት እጁ ጨብጦ ቆመ። ስልከኛዋ ሐረግ በእጇ «ይቀጥሉ» አለችው።

— እንዴት ከረምክ? ... አልሐምዱሊላህ፣ አለን። ... ካቢኔው? መውረዱንማ ሰማን። እዚህ ዝናቡ ነው አልወርድ ያለው። ... አልታዬ? አልታዬማ ... አልሰማህም እንዴ? ሚያዝያ ሲመጣ ዓመቷ ነው። ... ማን ይንገርህ? መርዶ የምነግርህ እኔ ነበርኩ። ... አሚን። ነፍስ ይማር።

የሚስቱን ነገር እዚያው ትቶ ወደ ጉዳዩ ገባ።

— ስማኝ፣ የፈለግኩህ ለመኪናው ነው። ... የቱ ትላለህ እንዴ! የኛው ካሚዮን ነዋ፣ ጣሊያን በጦርነቱ ጊዜ ጥሎት የሄደው። ... ወላሂ ተነሥቷል! ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ኮፈኑ ውስጥ ዶሮ ጫጩት ፈልፍላ ነበር። ... አትሳቅ።

ሽርክናቸው የፈረሰ ጊዜ ሽማግሌዎች መኪናውን ለክንፈ፣ የመሣሪያውን ሳጥን ለጀብሪል ፈርደው ነበር። «አንዱ ያለ አንዱ አይሆንለትም፤ ዓመት ሳይሞላ ይታረቃሉ» ብለው። ዐሥራ አንድ ዓመት ሞላ። ሽማግሌዎቹ አለቁ፤ ኩርፊያው ግን ጤናው ደህና ነበር።

— ወረኢሉ ልሄድ ሳወጣው የኋላ ጎማው ፈነዳ። ትርፍ ጎማማ አለኝ፤ ብሎኑ ነው አልፈታ ያለው። ... የእንግሊዙ መፍቻ ይሰፋዋል፣ የአሜሪካው ጭራሽ አይገባም። ባለ እጅ ዘንድ አስቀጥቅጬ ነበር፣ እንደ ሰም ተጣመመ። ከመኪናው ጋር የመጣው፣ የጣሊያኑ ካልሆነ አይሆንም። ... ምን አስቸኮለህ ትለኛለህ? የእርዳታው እህል ወረኢሉ ተራግፎ ተቀምጧል፣ ርሃብ ያፈናቀለው የወግዲ ሰው ደግሞ እዚህ ደብሩ ግቢ ተኝቷል። ማታ ያየኸውን ጠዋት አታገኘውም። ሌላ መኪና የለም። ... አንድ ደቂቃ ሐርጌ፣ በነቢ! ... አንተን አይደለም። ሳጥኑ አለ አይደል? ... ሸጥከው? ... ክሪኩንም? ... ማኖቬላውንም? ... ለእህል። ... ተው፣ አትማልልኝ። ማን ያልሸጠ አለ? ማኖቬላስ አሠርቻለሁ፣ ሞተሩ በሱ ይነሣልኛል፤ በክሪኩም ፈንታ መኪናውን በግንድ አነሣዋለሁ። የጎማ መፍቻውስ? ... እ? ... የምን መቀርቀሪያ?

ክንፈ ሳቀ። ካምናው ሚያዝያ ወዲህ ሲስቅ ያየው ስላልነበረ ሐረግ ያመመው መስሏት ቀና አለች።

— ዐሥራ አንድ ዓመት በኔ ጎማ መፍቻ በርህን ስትቀረቅር! ... እና ብትልከው ሌባ አይገባብህም? ... እሱስ፣ ምን አገኛለሁ ብሎ። ... እሽ፣ ለወረኢሉ አውቶቡስ ሾፌር ስጠው፣ እኔ ከዚያ በበቅሎ አስመጣዋለሁ። ... አላህ ይስጥህ።

ጉዳዩ አለቀ። ስልኩን ግን አላስቀመጠም።

— አለህ? ... አይ፣ ምንም። ... ብሎኑን ታውቀዋለህ፣ ለሁለት ነው የሚፈታው። አንዱ መፍቻውን ይይዛል፣ አንዱ እላዩ ላይ ይቆማል። የምትቆመው አንተ ነበርክ። ... ሰውማ ሞልቷል። የሚከብድ ሰው ነው የጠፋው። ... አንተም ከሳህ? ... ይሁን፣ ከኛ ትሻላለህ።

ሐረግ መስመሩ ሊሄድ ነው የሚል ምልክት አሳየችው። ክንፈ ዐይኑን ጨፈነ።

— ስማኝ ጀብሪል፣ አትላከው። ... አትላከው ነው የምልህ! ለሾፌሩ አትስጠው፣ ራስህ ይዘኸው ና። ቤቱ እንደሆነ ባዶ ነው፣ መደቡም ያው የድሮው ነው ... ሄሎ? ትሰማኛለህ? ይዘኸው ና! ... ሄሎ! ... ሐርጌ፣ ምን ሆነ ይሄ? ... የቱ ላይ ተቆረጠ? ... አትፈሪ፣ እንደምትሰሚ አገሩ ሁሉ ያውቃል። የቱ ላይ ነው? ... «አትላከው» ላይ።

በመስኮቱ ወደ ደብሩ ግቢ አየ። ሁለት ሰዎች አንድ ነገር በቃሬዛ ይዘው ይወጣሉ፤ ለሁለት ሰው እንኳ ቀሎ ነበር።

— መስመሩ ሲመለስ አንቺው ደውይለት። «ላከው» በይው። ... አዎ፣ ላከው፣ በነገው አውቶቡስ። ... ሌላ? ... ሌላማ የለም። መፍቻው ብቻ ነው።

የስልኩን እጀታ በቀስታ ሰቀለው።