ትይዩ መስኮት

— ሄሎ... አዎ፣ እዚሁ ነው። ከየት?... ከአሰብ? አገናኚኝ እህቴ፣ ወንድሜ ነው... ሄሎ? መኳንንት?

— እሰማሃለሁ። አባባ ቴሌ ሳለ ያስገባው ስልክ አርጅቶ ይንሿሿል እንጂ እሰማሃለሁ። አንተስ ትሰማኛለህ?... ደህና ነን። ልጆቹም ደህና ናቸው። መርፌውን ተወጋህ?... ካርዱን ከኪስህ እንዳታወጣ፤ በየኬላው እንዳንተ ያለውን ሾፌር እያስወረዱ ይጠይቃሉ አሉ።

— ምን?... የምን ጫጫታ? ደንበኞች ናቸዋ።

— ደንበኞች ነው ያልኩህ። ከፈትኩ እኮ። ጸጉር ቤቱን ዛሬ ጠዋት ከፈትኩ... እውነቴን ነው። አልማዜን ወንበሩ ላይ አስቀምጬ ጸጉሯን በቢጉዲን እየጠቀለልኩላት ነው ስልኩ የጮኸው፤ እጄ ገና ቅባት ነው። አልማዜ፣ ሰላም በይው፣ ወንድሜ ነው... ሰማሃት?

— አዎ፣ ሰባት ሳምንት ሙሉ በበሽታው ተዘግቶ። እኔም እስካሁን አላመንኩትም። ቁልፉን አዙሬ ስገባ ውስጡ እንደ ድሮው ቅባት ቅባት ሸተተኝ... አይ፣ አላለቀስኩም። ትንሽ ነው ያለቀስኩት።

— አይ፣ አትምጣ። ማለቴ ና፣ ቤትህ ነው፤ ከቀበሌ ጋር ለመከራከር ብለህ ግን አትምጣ። ተፈቅዶልኛል። በሽታው ጋብ ሲል የወጣው ደንብ ማኅተም ታትሞበት በሬ ላይ ተለጥፏል... ከዚህ ይታየኛል፣ ላንብብልህ? በአንድ ጊዜ ከሦስት ሰው በላይ እንዳይገባ። ሠራተኛዋ የማጅራት ገትር ክትባት ካርድ እንዲኖራት። ለእያንዳንዱ ሰው የተቀቀለ ፎጣ... ሌሎቹማ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ይጠብቃሉ። አሁን ሁለት አሉ፣ ፀሐይ እየሞቁ። ጦር ኃይሎች ፌርማታው አጠገብ ያለችው ጸጉር ሠሪ ገና ስላልተፈቀደላት የእሷም ደንበኞች ወደኔ እየመጡ ነው።

— አዎ፣ እሱም አለበት። በሩና መስኮቱ ትይዩ ሆነው ነፋስ የሚያሳልፉ። በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ያላሟላ ፈቃዱን ይመልሳል ነው የሚለው... መስኮት እንዳልነበረንማ አውቃለሁ፣ እኔ አይደለሁ የምውልበት?

— አሁን አለን።

— በየት በኩል ማለት... ቆይ አንድ ጊዜ። አልማዜ፣ አንገትሽን ቀና አድርጊ፣ የታችኛው ሊፈታብሽ ነው... ምን አልከኝ?

— በጓሮ በኩል ነዋ። በየት ይወጣል ታዲያ? በግራ የሰው ሱቅ፣ በቀኝ መኝታ ቤታችን።

— አዎ። በእነ ጋሽ ቱሉ በኩል።

— አትጩህ መኳንንት፣ ደንበኛ ይሰማል።

— እሺ። እሺ፣ እየሰማሁህ ነው።

— እኔም አልረሳሁም። አባባ የጓሮውን ክፍል በገዛ እጁ ጭቃ አቡክቶ እንደሠራው፣ በአዋጁ ጊዜ ትርፍ ቤት ተብሎ እንደተወሰደብን አልረሳሁም። እነ ጋሽ ቱሉ ዕቃቸውን ተሸክመው የገቡ ዕለትም እዚሁ ነበርኩ። አንተ አልጋቸውን አንስተህ ጭቃው ላይ ስትወረውርም ነበርኩ... ግን መኳንንት፣ የወሰዱብን እነሱ ናቸው? ቀበሌ አከራያቸው፣ ገቡ። ይኸው አሥራ አራት ዓመት በአንድ ግቢ ስንኖር እንደምን አደራችሁ ተባብለን አናውቅም።

— ልንገርህ፣ አታቋርጠኝ ብቻ። ደንቡን እንዳየሁ ቀበሌ ሄድኩ። ቤቱ መስኮት የሚያወጣ ግድግዳ የለውም አልኳቸው። ደንብ ደንብ ነው፣ በጓሮ በኩል ከሆነ የጎረቤትሽን ፈቃድ በጽሑፍ አምጪ አሉኝ። በኛ ግድግዳና በክፍሉ መሀል ያለችውን መተላለፊያ እነ ጋሽ ቱሉ ቆርቆሮ ጥለውባት ማድ ቤት አድርገዋታል። መስኮት ቢወጣ እሳታቸው ላይ ነው የሚከፈተው። እንዴት ብዬ ነው የምጠይቃቸው?... ጠብቄ፣ ጠብቄ አሥር ቀን አለፈ። ቤት ለቤት እየዞርኩ ልሥራ ብል ማን ያስገባኛል? ሁሉም በሩን ዘግቷል። ልጆቹ ሽሮ በሽሮ ሆኑ። ትልቁ አንድ ቀን ሳህኑን ገፋ አድርጎ ጠገብኩ አለኝ። እንዳልጠገበ አውቃለሁ።

— አልነገርኩህም፤ ብነግርህ ከአሰብ ምን ታደርጋለህ?... በአሥራ አንደኛው ቀን ሄድኩ። በራቸው ላይ ቆሜ ማን ብዬ እንደምጣራ ጠፋኝ። የከፈተችልኝ እሙ ናት፣ ሚስታቸው። እንደምን አደርሽ ማለት ሲገባኝ ምን አልኳት መሰለህ? መስኮት ፈልጌ ነበር አልኳት... ሳቅ፣ ያስቃል። እሷ ግን አልሳቀችም። ግቢ አለችኝ።

— ትንሿ ልጃቸው አልጋው ላይ ተቀምጣለች፣ ራሷ በነጠላ ተጠቅልሎ... አዎ፣ በሽታው ይዟት ነበር። ሦስት ሳምንት ሆስፒታል ተኝታ ነው የተመለሰችው። አላውቅም ነበር ብልህ ታምነኝ ነበር፤ ግን አውቅ ነበር። መኪና መጥቶ ሲወስዳት በበሩ ስንጥቅ አይቻለሁ። ስትመለስም አይቻለሁ። እግዜር ይማርሽ ለማለት እንኳ ደጃፋቸውን አልረገጥኩም።

— እሱስ ይተላለፋል፣ ልክ ነህ። ከዳነች በኋላስ?... አየህ።

— ድናለች፣ ተመስገን ነው። አንድ ጆሮዋ ብቻ አልመለስ አለ። ሲያናግሯት በግራዋ በኩል ይዞሩላታል።

— ሄሎ? አዎ እህቴ... ደቂቃው አለቀ? እባክሽ አንዴ ጨምሪልን። መኳንንት፣ ጨምሪ በላት... እሺ፣ ተባረኪ።

— የት ደረስኩ? አዎ። ቁጭ ብዬ ደንቡን ነገርኳቸው። ጋሽ ቱሉ እስከመጨረሻው ሰሙኝና፣ ከዘጋሽ ስንት ጊዜ ሆነሽ አሉኝ። ሰባት ሳምንት ሊሞላ ነው አልኳቸው። ልጆቹስ ምን እየበሉ ነው? አሉኝ... ሽሮ አልኳቸው። እኔ የተዘጋጀሁት፣ እኛ ስንታመም የት ነበርሽ ይሉኛል ብዬ ነው። መልሱንም በቃሌ ይዤ ነበር የሄድኩት። ስለ ልጆቹ ግን ይጠይቁኛል ብዬ አላሰብኩም።

— ፈረሙልኝ። መፈረም ብቻ መሰለህ? ማግስቱ እሑድ ነበር፤ ከቀራንዮ መድኃኔዓለም ተሳልመው እንደተመለሱ ማድ ቤታቸውን ራሳቸው አፈረሱት። እሙ ምድጃዋን ወደ አጥሩ ጥግ አዛወረች፣ ላዩ ገና ክፍት ነው፣ ዝናብ ከመጣ እንዴት እንደምታደርግ እንጃ። አናጢ አይደሉ ሰውየው? ቋሚውን ሳይነኩ ሁለት ማገር ቆርጠው ፍሬሙን ገጠሙ። መዝጊያውን ቤታቸው ካስቀመጡት ጣውላ ሠሩት። እኔ ጭቃ አቀብላለሁ። አባባ የለሰነው ግድግዳ ሲቆረጥ ጭዱ ውስጡ አሁንም ቢጫ ነው። በእጃቸው ፈተግ አድርገው አዩትና፣ ይህን የሠራ ሰው ጭቃ ማቡካት ያውቅ ነበር አሉ።

— አዎ፣ እንደዚያ አሉ... አይ፣ በምላሹ ምንም አልጠየቁኝም። ዛሬ ይጠይቁኛል፣ ነገ ይጠይቁኛል ብዬ ስፈራ ነበር። አልጠየቁም።

— ትናንት ሲስተር ሰብሌ መጣች፣ ከጤና ጣቢያ የምትቆጣጠረው። ካርዴን አየች፣ ፎጣዎቹን ገላለጠች። ከዚያ ቤቱ መሀል ቆማ ክብሪት ጫረች... ክብሪት። ነፋሱ ማለፉን ለማየት። እሳቷ ቀጥ ብላ ቆመች። ከዚያ ቀስ ብላ ወደ መስኮቱ ዘንበል አለች። ያልፋል፣ አለች ሲስተር። እዚያው ማኅተሟን አሳረፈች። ጋሽ ቱሉ በመስኮቱ ማዶ ቆመው ኖሮ ተመስገን ሲሉ ሰማኋቸው።



— አባባ ቢኖር?... እኔም አስቤዋለሁ። ይቆጣ ነበር። ሦስት ቀን ይቆጣና በአራተኛው፣ መዝጊያው ጠሟል ብሎ ሊያቃና ይነሳ ነበር... አዎ። እንደሱ ነበር።

— ምን? ድገመው፣ አልሰማሁህም... የልጅቷ ስም? ብርቱካን። ስምንት ዓመቷ ነው... ምን ላምጣላት ነው ያልከው?

— እኔ ምን አውቄ። እናቷን ልጠይቃት፣ ልብስ ስታሰጣ በመስኮቱ ትታየኛለች... እሙዬ። ወንድሜ ነው፣ ከአሰብ... አዎ፣ መኳንንት። ለብርቱካን ምን ላምጣላት እያለ ነው።

— ቆይ፣ እያሰበች ነው... የረጠበውን ልብስ እንደያዘች ቆማለች።

— ምንም አያምጣ፣ ራሱ መጥቶ ይጠይቃት ነው ያለችው... አዎ፣ እንደዚያ ነው ያለችው፣ አልጨመርኩም።

— እሺ... እነግራታለሁ... እሙዬ፣ ቅዳሜ እመጣለሁ ይላል። መጀመሪያ እናንተ ጋ ነው የምገባው ይላል... ሰምታሃለች። ራሷን ነቀነቀች።

— በል፣ በሰላም ያግባህ። ቁልቁለቱ ላይ ቀስ በል... እሺ። ልዝጋው አሁን፣ አልማዜ አንገቷ ዛለ። ቻው።