ቀትር ላይ የሚያድገው ግድግዳ

የምስክር ስም፦ ሉሊት ደረበ
ዕድሜ፦ 16 ዓመት
አድራሻ፦ መተማ ዮሐንስ ከተማ፣ ከሰሊጥ መጋዘኖቹ ጀርባ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ዓርብ፣ መጋቢት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.
ጉዳዩ፦ የግንበኛ ቢሆነኝ አለልኝ ደብዛ መጥፋት

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ በሙሉ ፈቃዴ የማምነው ጥፋት አለኝ። የጋሽ ቢሆነኝን ሲባጎ ቆርጬ የተበጠሰ ጫማዬን አስሬበታለሁ። የወሰድኩት ክንድ አይሞላም። ለዚህ የሚገባኝን ቅጣት እቀበላለሁ። ሌላውን ግን አልሠራሁም፤ ሐሚድም አልሠራም።

ጋሽ ቢሆነኝ ከጎጃም የመጡ ግንበኛ ሲሆኑ፣ አያቴ በሚጠብቁት የሰሊጥ መጋዘን ጓሮ፣ በገደሉ አፋፍ ላይ፣ የብሎኬት ግድግዳ ይሠሩ ነበር። ሐሚድ ስሚንቶ የሚያቦካላቸው ረዳታቸው ነው። ባለፈው ሰኞ ጋሽ ቢሆነኝ ጠፉ። የግንበኛ ማንኪያቸው፣ የግድግዳ ቀጥ ማለት የሚለኩበት ቱምቢያቸው፣ ውሃ ልካቸውና መዶሻቸው ታጥበው ባልዲ ውስጥ ተገኙ፤ ፖሊስ አይቷቸው እዚያው ተቀመጡ። ሐሚድ መጨረሻ አብሯቸው የታየ ሰው በመሆኑ በዚያው ቀን ተያዘ።

ጎረቤታችን አቶ ምናለ ሰኞ ዕለት «ገድሎ ገደል ከቷቸዋል» ሲሉ ነበር። ማክሰኞ ግድግዳው አንድ ረድፍ ጨምሮ ሲገኝ ደግሞ «የቀትር ጋኔን ነው» ወደሚለው ዞረዋል። አቶ ምናለ ለማንኛውም ነገር መልስ አያጡም፤ መነጽራቸውን ግን ግንባራቸው ላይ አድርገው ሲፈልጉት አይቻለሁ። አያቴ አቶ ባየልኝ ዓይኔን አልከደንኩም ብለው ቃል ሰጥተዋል። እኔ እስከማውቀው ምሳ ከበሉ በኋላ ራኩባ በምንለው የሣር ዳስ ጥላ ሥር ተጋድመው ያንኮራፋሉ። ዕድሜዬ ስላልደረሰ አሁን አጠገቤ ተቀምጠው ይህ ይሰረዝልኝ እያሉ ነው፤ ሳጅኑ አልሰረዘም።

ረቡዕ ከቀትር በኋላ ሌላ ረድፍ ተጨምሮ አገኘሁ። ስሚንቶው ገና እርጥብ ነበር። የማንኪያው ጭረት በሙሉ ወደ ግራ ያጋደለ ነው። ጋሽ ቢሆነኝ ግራኝ ናቸው፤ የማንኪያቸው አፍም በአንድ ጎኑ ተበልቶ አልቋል። ሐሚድ አንድ ቀን ሊሠራበት ሞክሮ ስሚንቶው እግሩ ላይ ሲፈስበት፣ «እንኩ፣ ይቺ የርስዎን እጅ ብቻ ነው የምታውቅ» ብሎ መልሶላቸዋል። ይህን ለአያቴ ብነግራቸው፣
«አንቺ ልጅ፣ ፀሐይ መትቶሻል፤ ግቢና ውሃ ጠጪ» አሉኝ።
«እሺ አባባ፣ ማን ሲገነባ አዩ?»
«እኔ ጠባቂ እንጂ ተቆጣጣሪ አይደለሁም።»

ትናንት ሐሙስ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ግድም ከብሎኬት ክምሩ ኋላ ተደበቅሁ። በዚያ ሰዓት ውሻ እንኳ ከጥላ አይወጣም፤ ነፋስም አልነበረም። በመጀመሪያ የማንኪያ እጀታ ብሎኬት ሲመታ ሰማሁ። ይመታል፣ ያዳምጣል፣ ደግሞ ይመታል። ጋሽ ቢሆነኝ ብሎኬት ሲያስቀምጡ እንዲህ ነው የሚያደርጉ። ቀጥሎ ቱምቢው ከግድግዳው አናት በሲባጎ ወደ እኔ በኩል ቀስ እያለ ወረደ። ጥቂት ተወዛውዞ ቀጥ አለ። ሲባጎውን የያዘ እጅ አላየሁም። መወጣጫው የተተከለው በወዲህ በኩል ነው፤ ማዶው ገደል በመሆኑ ሰው የሚቆምበት ቦታ የለውም።

በስልኬ ልቀርጽ ብድግ ስል እግሬ መሣሪያዎቹ የነበሩበትን ባልዲ መታው። ባዶ ነበር፤ እየተንከባለለ ሄደ። የማንኪያው ድምፅ ቆመ። ቱምቢው እንደ ተንጠለጠለ ነው። ከግድግዳው ማዶ፣ ቁጣ በሌለው የጎጃም ቅላጼ፣ ሥራውን ያቋረጡበት ሰው እንደሚጣራ፣
«ሉሊት» የሚል ድምፅ ጠራኝ።

ድምፁ የጋሽ ቢሆነኝ እንደነበረ፣ በዚያ ሰዓትም ሐሚድ በዚሁ ጣቢያ ታስሮ እንደነበረ አረጋግጣለሁ። ሰውየው በሕይወት መኖራቸውን ግን ማረጋገጥ አልችልም። ቃሌ ተነቦልኝ፣ እንዳልኩት ሆኖ በማግኘቴ ፈርሜያለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ሉሊት ደረበ
አብረው የፈረሙ አያት፦ ባየልኝ ሰጠኝ
ቃሉን የተቀበለው፦ ሳጅን የሺዋስ ኪዳን