ጋሼ ሰዋስው እና የትርጉሙ መጽሐፍ

የቋንቋ ክፍሉ ኃላፊ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ተማሪዎቹ ስማቸውን ትተው «ጋሼ ሰዋስው» ይሏቸዋል፤ እሳቸውም ያውቃሉ፣ አይቀየሙም። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ከሁለተኛ ፎቅ ሲወርዱ፣ የደረጃው መታጠፊያ ላይ እስከ አገጯ ድረስ መጻሕፍት ከተሸከመች ወጣት መምህርት ጋር ፊት ለፊት ተላተሙ። መጻሕፍቱ ደረጃ ለደረጃ ተንከባለሉ።

«ውይ ጋሼ! ይቅርታ፣ አላየሁዎትም!»

«ግድ የለም ልጄ፣ እግሬ ተርፏል» ብለው አንዱን ለማንሳት ጎንበስ አሉ። መምህርቷ የቀድሞ ተማሪያቸው ስለሆነች ከልጆቻቸው ለይተው አያዩዋትም። የመጽሐፉን ሽፋን ሲያነቡ ግን ፊታቸው ጨፈገገ።

«ታሪካዊ ልብ ወለድ፣ ያውም ትርጉም? ይሄን ነው የምታስተምሪው?»

«ለሙከራ ጀምሬዋለሁ። ዓርብ በስብሰባው ላይ እንዲጸድቅልኝ ላቀርበው ነበር።»

«አትድከሚ፣ አልፈርምም! ታሪክ ከሆነ የታሪክ መምህር አለ። ልብ ወለድ ከሆነ ፈጠራ ነው። ትርጉም ሲታከልበት ደግሞ ውሸት የውሰት ልብስ ለብሶ መጣ ማለት ነው። በራሳችን ቋንቋ የተጻፈው አለቀብን እንዴ?»

«አላለቀም ጋሼ፤ እሱንም አስተምራለሁ። ግን ልጆቹ የሚያውቁትን ሰው ብቻ እያነበቡ እንዲያድጉ አልፈልግም።»

«የባሕር ማዶ ሰው መከራ ለእኛ ልጆች ምን ይፈይዳል?»

«እኔ ብነግርዎ አያምኑኝም። አንድ ክፍለ ጊዜ ይቀመጡልኝ። ካልጣመዎት መጻሕፍቱን ራሴ ሰብስቤ እመልሳለሁ።»

ጋሼ ሰዋስው እልኸኛ ቢሆኑም ፍርደ ገምድል አይደሉም። በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ቀይ እስክሪብቷቸውን ይዘው፣ ከመምህርቷ ቅጂዎች አንዱን ፊታቸው ዘርግተው የኋላ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። የመጡት ለመማር ሳይሆን ስሕተት ለመልቀም ነበር።

ታሪኩ ከብዙ ዘመን በፊት በጠላት ስለተከበበች ከተማ ነው። የከተማዋ ጦር አዛዥ፣ የቀረውን ዱቄት ለወታደር ብቻ እንድትጋግር ሊያስገድዳት የአንዲት ዳቦ ጋጋሪ ቤት ይመጣል። አንዲት ተማሪ ጮክ ብላ አነበበች፦ «በሩ ሲንኳኳ ልቧ ወደ እግሮቿ ወደቀ።»

ጋሼ ሰዋስው ፈገግ ብለው ሊያሰምሩበት ሲሉ አንድ ተማሪ ቀደማቸው። «ቲቸር፣ እኛ እንዲህ እንላለን እንዴ?»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ።

«እናንተ ብትሆኑ እንዴት ትተረጉሙት ነበር?» አለች መምህርቷ።

«ሐሞቷ ፈሰሰ!»

«አይሆንም፣ ክው አለች!»

«ሁለቱም ያው ነው!»

አዛውንቱ ሳያስቡት ብድግ አሉ። «ያው አይደለም! ቀጣዩን ገጽ እዩት። በሩን ከፍታ ‹የሰፈሩን ልጆች ሳላበላ ማንንም አላበላም› ትለው የለ? ሐሞቷ የፈሰሰ ሰው እንዲህ አይናገርም። ክው ብላለች፤ ሐሞቷ ግን ካለበት ንቅንቅ አላለም!»

ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። እሳቸውም አፈሩና ተቀመጡ። ሰዋስው ሲያስተምሩ ተጨብጭቦላቸው አያውቅም።

«ሴትዮዋ ግን እውነት ነበረች?» አለ ያው ተማሪ።

«የከተማዋ መከበብ በታሪክ የተመዘገበ ነው። ሴትዮዋ የደራሲው ፈጠራ ናት» አለች መምህርቷ።

«ካልነበረች ታዲያ ምን ታደርግልናለች?»

መስኮቱ ሥር የተቀመጠች ዝምተኛ ልጅ እጇን አወጣች። «አያቴ በልጅነቱ ከተማው ተከቦበት ነበር። ያ ከበባ የታሪክ መጽሐፋችን ላይ አንድ መስመር ናት። ይሄን ሳነብ ‹እናንተስ ምን በላችሁ?› ብዬ ጠየቅኩት። አንዲት ጎረቤታቸው ጨው በጣቷ እየነካች በየልጁ ምላስ ላይ ታደርግላቸው ነበር፣ የበሉ እንዲመስላቸው። ለምን ነግረኸኝ አታውቅም ስለው፣ ‹ማን ጠየቀኝ?› አለኝ።»

ጋሼ ሰዋስው የእስክሪብቷቸውን ክዳን ገጠሙ። እስከ ዛሬ ተማሪዎቻቸውን ወደ ቤት ሲሸኙ መልስ አስይዘው ነበር፤ ጥያቄ አስይዘው የሸኙት ስንቱን ይሆን?

ኮሪደሩ ላይ መምህርቷን ጠብቀው «ትርጉሙ እንከን አለበት» አሏት።

«አለበት ጋሼ። እንከኑም ያስተምራል።»

«እሱንማ አየሁት» አሉ ቀስ ብለው። «በይ ቅጂውን እስክጨርሰው አውሽኝ።»

ዓርብ በስብሰባው ላይ እሳቸው ራሳቸው ተነሥተው ተናገሩ። «ወገኖቼ፣ ተማሪ የሌላውን አገር ታሪክ በራሱ ቋንቋ ሲያነብ፣ አንደኛ ነገር የራሱን ቋንቋ ይመዝናል፤ የትኛው ቃል የት እንደሚገባ ተከራክሮ ያውቃል። በእውን የሆነውን ከልብ ወለዱ መለየትም ይለምዳል። ከሁሉ በላይ ግን በአንድ መስመር የታለፈው ዘመን ውስጥ ስንት ሰው እንደኖረ ይገባዋል። ሩቅ ያለውን ሰው ሲያውቅ፣ አጠገቡ ያለውን መጠየቅ ይጀምራል።»

«ጋሼ፣ ማክሰኞ ዕለት ደረጃው ላይ አልፈርምም ያሉት እርስዎ አይደሉም እንዴ?» አለ የሒሳብ መምህሩ።

«እኔ ነኝ! ማክሰኞማ መች አንብቤው ነበር?»

ስብሰባው ሳቀ፤ መጽሐፉም ጸደቀ።

በሳምንቱ የዝምተኛዋ ልጅ አያት፣ በጋሼ ሰዋስው ጋባዥነት፣ በከዘራቸው እየተደገፉ ክፍሉ ገቡ። ተማሪዎቹ ደብተራቸውን ከፍተው ጠበቋቸው። ሽማግሌው መጀመሪያ ቃል አጠራቸው። የልጅ ልጃቸው «ያቺ ጎረቤታችሁ ማን ትባል ነበር?» ስትላቸው ግን ወሬያቸው እንደ ምንጭ ፈሰሰ። ደወሉ ሲደወል ከመቀመጫው የተነሣ አንድም ተማሪ አልነበረም።