በባዶ እግራቸው መኪና ያዳመጡት የአቶ አገኘሁ ወንድይፍራው ዜና ሕይወት

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ የሟች ቤተ ሰቦች፣ የዓባይ ማዶ እድርተኞች፣ እንዲሁም ከወረታ፣ ከማክሰኝትና ከጎርጎራ መንገድ አቋርጣችሁ የመጣችሁ ለቀስተኞች፤ ፀሐዩ ሳይከርር ሥርዓቱ እንዲፈጸም ስለ ተፈለገ የወንድማችንን የአቶ አገኘሁ ወንድይፍራውን ዜና ሕይወት በአጭሩ እንዳነብ ቤተ ሰቡ አዞኛል። ከመምህርነት በጡረታ ከተገለልሁ ወዲህ በእድራችን ይህን የማንበብ ተግባር የምወጣው እኔ ጥዑመ ልሳን እንደሆንሁ ታውቃላችሁ። አቶ አገኘሁ ጎረቤቴ ነበሩና ከቀብር በተመለስን ቁጥር፣ «መምህር፣ አንተ የምታነብላቸው ሙታን ሁሉ ደግ፣ ቸርና ሰው አክባሪ ናቸው፤ ክፉዎቹን የት ነው የምትቀብሯቸው?» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። የእሳቸው ተራ ሲደርስም እልኸኛ እንደ ነበሩ ሳልሸሽግ እንድናገር አደራ ስላሉኝ፣ አደራቸውን አክብሬ ገና ከመነሻው እናገራለሁ፤ አቶ አገኘሁ እልኸኛ ነበሩ።

አቶ አገኘሁ ከአባታቸው ከአቶ ወንድይፍራው ተገኘና ከእናታቸው ከወይዘሮ የሻሽወርቅ አድማሱ በጣና ሐይቅ ሰሜናዊ ዳርቻ በጎርጎራ በ1950 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው ከጎርጎራ ባሕር ዳር በሚመላለሰው ጀልባ ላይ የሞተር ሠራተኛ ነበሩና፣ የሞተሩን ጤንነት የሚያውቁት በባዶ እግራቸው በጀልባው ወለል ላይ ቆመው ርግብግቢቱን በውስጥ እግራቸው በመለካት ነበር። ልጃቸውም ይህንኑ ከእሳቸው ወረሱ። አቶ አገኘሁ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በትውልድ ቦታቸው ከተከታተሉ በኋላ ባሕር ዳር አክስታቸው ዘንድ ተቀምጠው እስከ ዐሥረኛ ክፍል ተምረዋል። የሒሳብ ውጤታቸው መልካም እንደ ነበር፣ የታሪክ ትምህርት ግን እንዳልሆነላቸው ራሳቸው ሳይደብቁ ይናገሩ ነበር።

በ1968 ዓ.ም. በባሕር ዳር በአንድ የመንግሥት ትራንስፖርት ጋራዥ በጎማ ክፍል ተቀጥረው፣ ጎማ መፍታትና መግጠም፣ ቀዳዳ መለጠፍ፣ የተጣመመ ቸርኬ፣ ማለትም ጎማው የሚገጠምበትን ብረት፣ ማቃናት እየተማሩ ሳለ፣ በኋላ ስማቸው የተጠራበትን የራሳቸውን አሠራር ጀመሩ። የሚንቀጠቀጥ መኪና ሲመጣ አንድም ጎማ ሳያስፈቱ፣ ሾፌሩን መሪው ላይ አስቀምጠው፣ እሳቸው ጋቢና ገብተው፣ ጫማቸውን አውልቀውና ዓይናቸውን ጨፍነው ወደ ወረታ መንገድ ያስነዱ ነበር። መንቀጥቀጡ መሪው ላይ ከበረታ ከፊት ጎማ፣ ወንበሩ ላይ ከበረታ ከኋላ ጎማ፣ ፍሬን ሲያዝ ብቻ ከመጣ ከፍሬኑ መሆኑን በሞያው ያለ ሁሉ ያውቀዋል፤ እሳቸው ግን ከየትኛው ጎማ እንደ ተነሣና በየትኛው ፍጥነት እንደሚብስ በውስጥ እግራቸው ለይተው ከተመለሱ በኋላ ነበር መኪናውን ለማንሣት ክሪክ የሚያስገቡት። በመንገድ ላይ ሬዲዮ መክፈት ክልክል ነበር፤ ወሬም ክልክል ነበር። «ሾፌር በሽታውን ሲነግርህ ግማሹን ይደብቃል፤ ጉድጓድ ውስጥ የገባበትን ቀን አይነግርህም» ይሉ ነበር።

ትዳራቸውም የተገኘው ከዚሁ አሠራር ነው። በ1975 ዓ.ም. ከማክሰኝት የሚመለስ አውቶቡስ እንደ ልማዳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በባዶ እግራቸው ሲያዳምጡ፣ ከኋላቸው የተቀመጡት ወይዘሪት ፀሐይወርቅ መንገድ ያዞራቸው መስሏቸው ከቋጠሯቸው ሎሚ አንዱን አውጥተው ሰጧቸው። አቶ አገኘሁም አልታመምሁም ብሎ መመለሱ ነውር መስሎ ስለታያቸው ሎሚውን እየመጠጡ ባሕር ዳር ገቡ። በጥምቀት ሎሚ የሚወረውረው ወንዱ ነበር፤ እዚህ ላይ ግን ሥርዓቱ ተገለበጠ። በዓመቱ ሽማግሌ ተልኮ በ1976 ዓ.ም. በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ሊድያን፣ ኪሩቤልንና ወንጌላዊትን አፍርተዋል።

በ1985 ዓ.ም. የመንግሥት ሥራቸውን ለቀው በዓባይ ማዶ የራሳቸውን የጎማ ቤት ከፈቱ፤ ውሎ አድሮም ጎማ እያሽከረከረ የቀለለውን ጎን የሚያሳይ የባላንስ ማሽን አስገቡ። ከዚህ ማሽን ጋር በተያያዘ የደረሰውን ስሕተት እንድተወው የለመኑኝ ነበሩ፤ ባለ ጉዳዩ አቶ ኑርሑሴን እዚህ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ስለሚያዩኝ ግን መተው አልችልም። አቶ ኑርሑሴን የወረታ የሩዝ ነጋዴ ናቸው። በአንድ ክረምት አይሱዙ መኪናቸው ከፎገራ ሜዳ ጭቃ እንዳዘለ መጥቶ፣ አቶ አገኘሁ በማሽናቸው ደስታ ተይዘው ኖሮ፣ ጎማውን ሳያሳጥቡ ማሽኑ ላይ ጫኑት። ማሽኑ በቸርኬው ጓዳ የደረቀውን ጭቃ ጨምሮ መዘነ፤ እሳቸውም በትይዩው ማመጣጠኛ የእርሳስ ብረት ለጠፉና ባላንሱ ተስተካከለ ብለው ሸኙ። ጭቃው ግን አዲስ ዘመን ከተማ ሳይደርሱ ረገፈና እርሳሱ ብቻውን ቀረ፤ መኪናውም ከመጀመሪያው ብሶ ይዘል ጀመር። አቶ ኑርሑሴን ተመልሰው ከደጃፉ ቆመው ከመኪናው ሳይወርዱ፣ «አገኘሁ፣ ወላሂ በገዛ ጭቃዬ ነው የመዘንህልኝ!» ብለው ሲጮሁ ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎማ ሳይታጠብ ማሽን አይወጣም የሚለው ሕግ ጸና፤ ሁለቱም ሰዎች ፋሲካና ኢድ የማይለያያቸው ወዳጆች ሆኑ።

በ2006 ዓ.ም. የስኳር ሕመም እንዳለባቸው ታወቀ። ሐኪሙ ስኳር የእግርን ስሜት ቀስ በቀስ ሊወስድ እንደሚችል አስረድተው፣ ከእንግዲህ በባዶ እግርዎ እንዳይሄዱ ብለው አስጠነቀቋቸው። ሌላ ሰው ቢሆን ጫማ ማድረግ ምን ይከብዳል ይል ነበር፤ እሳቸው ግን እንጀራቸውም ስማቸውም በዚያች በውስጥ እግራቸው ላይ ነበር። ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ጠዋት ጫማቸውን በእጃቸው ያስሩላቸዋል፤ አቶ አገኘሁ ጎማ ቤቱ ሳይደርሱ ያወልቁታል። እግራቸው እየደነዘዘ ሲሄድም ለማንም አልተናገሩም። ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወታቸው በግምት መሥራት ጀመሩ፤ ግምታቸውም የብዙ ዘመን ልምድ ስለ ነበረው ለጊዜው ሳያጋልጣቸው ቆየ።

በ2011 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር አቶ ኑርሑሴን ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሰዓዲያንና ልጆቻቸውን ይዘው ወደ አዲስ አበባ ሊጓዙ ስላሰቡ፣ ደብል ጋቢና ፒክአፓቸውን ለማስፈተሽ መጡ። እንደ ልማዱ አቶ አገኘሁ ከፊት፣ በቴክኒክ ኮሌጅ ተምራ ከአባቷ ጋር ትሠራ የነበረችው ወንጌላዊት ከኋላ ተቀምጠው ወደ ወረታ መንገድ ወጡ። ጥቂት እንደ ሄዱ አቶ አገኘሁ ዓይናቸውን ገልጠው መኪናው ሰላም ነው አሉ። ወንጌላዊት ግን፣ «አባባ፣ ወንበሩ ይርገበገባል እኮ» አለች። የወንበሩ ስፖንጅ ነው ብለው መለሱላት። ደግማ ብትናገርም አቶ ኑርሑሴንን ንዳ አሏቸው። በዚህ ጊዜ ልጅቱ፣ ከአባቷ የወረሰችው እልኽ ይሁን ድፍረት እንጃ፣ «ጋሼ ኑርሑሴን፣ ስለ አላህ ያቁሙልኝ» አለች። አቶ ኑርሑሴን በወዳጃቸው ቃልና በልጅቱ ልመና መካከል ተጨንቀው፣ ሐሙሲት ሳይደርሱ ዳር ይዘው አቆሙ።

ወንጌላዊት ወርዳ ወደ ግራው የኋላ ጎማ ብትጠጋ ቸርኬው እሳት ሆኖ ጠበቃት፤ ጎማው የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ተበልቶ ጎማው ሊወልቅ ጥቂት ቀርቶት ነበር። አቶ ኑርሑሴን በማግሥቱ በዚያ ወንበር የሚጫኑትን ልጆቻቸውን እያሰቡ፣ «አልሐምዱሊላህ» አሉ። ከዚያም ቀና ቢሉ አቶ አገኘሁ ከጋቢናው ወርደው በእኩለ ቀን በጋለው አስፋልት ላይ በባዶ እግራቸው ቆመዋል፤ ፊታቸው ላይ ምንም የሕመም ምልክት አልነበረም። «አገኘሁ፣ እግርህ!» ብለው ሲጮሁባቸው ወደ ታች አዩ። ያን ጊዜ ወዳጃቸውም ልጃቸውም እግራቸው መደንዘዙን ተረዱ። ቤት ሲደርሱ ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ውኃ የቋጠረውን ውስጥ እግራቸውን እያጠቡ አለቀሱ እንጂ አልተቆጧቸውም።

ቁስሉ እስኪሽር ቤት ዋሉ፤ ቁስሉ ከሻረ በኋላም ወደ ጎማ ቤቱ አልሄዱም። ያሳዘናቸው የልጃቸው መድፈር አልነበረም፤ ሥራ ፈት ሆነው ደጅ ተቀምጠው አላፊ አግዳሚ የሚቆጥሩ ሽማግሌ እሆናለሁ የሚለው ሥጋት ነበር እንጂ። በዚህ ላይ ደንበኞች ወደ ጎማ ቤቱ እየመጡ ወንጌላዊትን ሲያዩ፣ አባትሽ ሲመጡ እንመለሳለን እያሉ ይሄዱ ጀመር። እሷም ይህን ለአባቷ ላለመንገር ብትጥርም ዓባይ ማዶ ምሥጢር አይቋጠርም። በመጨረሻ አቶ ኑርሑሴን ቤታቸው መጥተው፣ «አንተ ሰው፣ እግርህን የሰረቀችህ ልጅህ ናት፤ ሌባው ቤትህ ሳለ ምን አስቀመጠህ? ተነሥ!» ቢሏቸው ከብዙ ቀን በኋላ ሳቁ ይባላል።

በማግሥቱ ጠዋት ጫማቸውን ራሳቸው አጥብቀው አስረው ወደ ጎማ ቤቱ መጡ። ከደጃፉ ይመጣሉ ሲባል ሰምተው ወረፋ የሚጠብቁ ሾፌሮች ነበሩ፤ አቶ አገኘሁን ሲያዩ ተነሥተው በደስታ ሰላምታ ሰጡ። እሳቸውም የመጀመሪያውን መኪና የጋቢና በር ከፈቱ። ሁሉም እንደ ድሮው ሊገቡ ነው ብሎ ሲጠብቅ ወደ ወንጌላዊት ዞረው፣ «ግቢ ልጄ፤ እኔ ከኋላ እሆናለሁ» አሏት። አባት ለልጁ በር ሲከፍት፣ ያውም አቶ አገኘሁን የመሰለ እልኸኛ፣ በሰው ሁሉ ፊት! ከዚያ ቀን በኋላ በጎማ ቤቱ ደጃፍ አባትሽ የት አሉ ብሎ የጠየቀ አልተሰማም።

ቀጣዮቹ ዓመታት የደስታ ዓመታት ነበሩ። ሳስበው ከወጣትነታቸው ይልቅ ያን ጊዜ የበለጠ ደስተኛ ነበሩ ብል አላጋንንም። ከኋላ ወንበር ተቀምጠው፣ ጫማቸውን እንዳደረጉ፣ በመስኮት እየተመለከቱ ይሄዱ ነበር። አንድ ቀን ከእንዲህ ያለው ጉዞ ሲመለሱ ቤቴ ጎራ ብለው፣ «መምህር፣ ከአርባ ዓመት በላይ ዓይኔን ጨፍኜ የተመላለስሁበትን መንገድ ገና አሁን አየሁት። ለካ ይኼን ሁሉ ውበት ሳላየው ኖሬያለሁ» አሉኝ። የፎገራ ሩዝ ሲያሸት፣ ዳክዬ ከውኃው ሲነሣ፣ የደራ ሜዳ በመስከረም ሲያብብ እያዩ መጥተው ይተርኩልኝ ነበር፤ አንዳንዴም ወሬው እየበዛ ወንጌላዊት ሥራዋን ማዳመጥ አቅቷት ዝም እንዲሉ ታስጠነቅቃቸው እንደ ነበር ነግራኛለች።

ባለፈው ኅዳር ትውልድ ቦታቸውን ለማየት በአቶ ኑርሑሴን መኪና ወደ ጎርጎራ ተጓዙ። ወንጌላዊት ከፊት ነበረች፤ እሳቸውና ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ከኋላ ነበሩ። አዲስ ዘመንን ካለፉ በኋላ አቶ ኑርሑሴን በመስታወት ቢያዩ የአቶ አገኘሁ አንገት ወደ ጎን ዘንበል ብሏል፤ ደንግጠው ሊያቆሙ ሲሉ ወይዘሮ ፀሐይወርቅ፣ «ተወው፣ እንቅልፍ ነው» አሉ። ሰውየው ዕድሜያቸውን ሁሉ በመኪና ሲሄዱ በሚሄድ መኪና ውስጥ ተኝተው አያውቁም ነበር። ማክሰኝት ላይ የሚጠብቋቸው ዘመዶች ነበሩ፤ እሳቸውን ላለመቀስቀስ በምልክት ብቻ ሰላም ብለው አለፉ። ጎርጎራ ከሐይቁ ዳር ሲቆሙ ነቅተው፣ «ደረስን እንዴ?» አሉ።

ከገና በኋላ ሕመሙ ኩላሊታቸውን ስለ ጎዳ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም. ንስሐቸውን ፈጽመው፣ ሥጋ ወደሙን ተቀብለው፣ ቤተ ሰቦቻቸው በተሰበሰቡበት በቤታቸው በተወለዱ በ67 ዓመታቸው ዐርፈዋል።

አቶ አገኘሁ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ፀሐይወርቅን፣ በጎንደር በመምህርነት የምታገለግለውን ሊድያን፣ በባሕር ዳር በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሚሠራውን ኪሩቤልን፣ የጎማ ቤቱን የምትመራውን ወንጌላዊትን፣ አምስት የልጅ ልጆችን፣ ዛሬ ጠዋት ቀድመው ደርሰው ድንኳኑን ያቆሙትን ወዳጃቸውን አቶ ኑርሑሴንን፣ ብዙ ሾፌሮችንና ከእንግዲህ ከቀብር ሲመለስ የሚቀልድበት የሌለውን እኔን ትተው ሄደዋል። እንደሚናፍቁኝ አልሸሽግም።

ለቤተ ሰባቸውና ለወዳጆቻቸው ሁሉ አምላከ ቅዱሳን መጽናናቱን ይስጥልን። አባቶች እንደምታስተምሩን ሞት እንቅልፍ ከሆነ፣ ወንድማችን መንገዱን ለታመነ ሰው ሰጥተው ዐርፈዋልና፣ በማያልፈው ዳርቻ ነቅተው ደረስን እንዴ ብለው ሲጠይቁ፣ ቸሩ መድኃኔ ዓለም «አዎ፣ ደርሰሃል» ብሎ በመንግሥቱ ይቀበልልን። አሜን።