የተዘለለው አያት

ለንደን ውስጥ ከስትሪትሃም ወደ ኬኒንግተን በሚሄደው አውቶቡስ ላይ አንዲት ወጣትና አያቷ ከኋላዬ ተቀምጠው ያወራሉ።

«አባባ፣ የዳዲን የእንግሊዝ ዘሮች ኦንላይን ሰርች ሳደርግ ምን ባገኝ ጥሩ ነው? አንዱ ቅድመ አያቱ በግ ሰርቆ፣ በመርከብ ተጭኖ አውስትራሊያ በግዞት ተልኳል።»

«በስመ አብ! አባትሽ ሰማ?»

«ደስ ብሎት ለሰው ሁሉ እያወራ ነው።»

«ሌብነት ምኑ ደስ ይላል?»

«ሂስትሪ ነዋ! አሁን ደግሞ የእኛን ሰባት ቤት ይቁጠሩልኝ።»

«ቀላል ነው። አባቴ ተሰማ፣ ከዚያ ወልዴ፣ ከዚያ ብሩ፣ ከዚያ እንግዳ…»

«ቆይ፣ እማዬ ስትቆጥር በወልዴና በብሩ መሃል ጎበዜ የሚባል አለ።»

«እናትሽ ደግሞ አፏ አያርፍም። እሱ አይቆጠርም።»

«ለምን?»

«የሰው በሬ ነድቶ ታስሯል። እኛ ቤት ስሙ አይነሳም።»

«ታዲያ ወልዴን ማን ወለደው?»

ሽማግሌው መውረጃቸው ሲደርስ ብድግ እያሉ፣ «እሺ፣ አስገቢው» አሏት። «ግን በሬው ለባለቤቱ ተመልሷል ብለሽ ጨምሪበት።»

እነሱ ሲወርዱ የራሴን ሰባት ቤት በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ፤ አባቴ ሲያስቆጥረኝ አራተኛው ስም ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ ሳል ይይዘው እንደነበር ትዝ አለኝ።